ከካርላይል እስከ ሄርሺ፦ ለአባቴ ቮልስ መለዋወጫ ፍለጋ

አባቴ የሚነዷት ቮልስዋገን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 የተሠራች 1300 ናት። በደርግ ዘመን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጀርመናዊ መምህር ገዝተዋት እኔንና ወንድሞቼን ትምህርት ቤት አመላልሰውባታል፤ ዛሬም ገርጂ በሚገኘው ግቢያችን ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ትውላለች። ባለፈው ዓመት ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተሯ አረጀና አዲስ ኮፒ ተገዝቶ ተገጠመላት። ኮፒው ክረምቱን እንኳ ሳይሻገር ቤንዚን ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እየታነቀ አባቴን መንገድ ላይ ያስቀራቸው ነበር። በመጨረሻ "ኦርጅናሉ ካልተገኘ አልነካትም" ብለው ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቁ የእናቴ ታላቅ ወንድም ይኖራሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ መካኒክ ናቸው። የአባቴን ወሬ ስነግራቸው ብዙም አላመነቱም፤ "መስከረም ይጥባ፣ ፔንሲልቫኒያ እንሄዳለን" አሉ። በመስከረም መጨረሻ ገደማ ካርላይልና ሄርሺ በተባሉት ከተሞች ሁለት ታላላቅ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያዎች ተከታትለው ይቆማሉ፤ አንዱ እሑድ ሲበተን ሌላው በዚያው ሳምንት ይከፈታል።

ጋሼ የሚፈለገውን በእጃቸው ጽፈው ኪሳቸው ከተቱ፦ ሶሌክስ 30 ፒክት-1 ካርቡራተር፣ የስድስት ቮልት የዲናሞ ሬጉሌተር (የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ)፣ ባለ ሁለት ቀለም የኋላ መብራት ሽፋን፣ የግራ በር ትንሿ መስኮት መቆለፊያ፣ በኪሎ ሜትር የሚያነብ የፍጥነት መቁጠሪያ፣ እንዲሁም ከኋላ የሚለጠፈው "1300" የሚል ጽሑፍ። ፓራፋንጎና ፓራውልት ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። ዕቃውን ይዞ የሚሄደው ኅዳር ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚበረው ወንድሜ ነው፤ የተፈቀደለት ደግሞ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው፤ የእናቴ መድኃኒትና የልጆቹ ልብስም ቦታ ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ካርላይል

ገና ሳይነጋ ተነሣን። ጋሼ ቡናቸውን በፔርሙስ፣ ቆሎና ጭኮ ደግሞ በፌስታል ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እስከ ፍሬድሪክ ያለው ሰፊ መንገድ የሚወራለት ነገር የለውም። ከዚያ ወዲያ በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ ግን ተራራው በስተግራ ቀረበን፤ ቅጠሉ ከላይ ከላይ መቅላት ጀምሯል። ጌቲስበርግን አልፈን 34 ቁጥርን ያዝን፤ ይህ መንገድ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙም የአፕል እርሻ ነው።

ቢግለርቪል አካባቢ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። በፈረንጆች ኦክቶበር መግቢያ በሚውሉት ሁለት ቅዳሜና እሑዶች አሬንትስቪል አጠገብ የአፕል መከር በዓል ይከበራል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ወጥቷል። አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ ጉዞ ተሳብን። ጋሼ ትዕግሥታቸው አለቀና መንገድ ዳር ካለ መደብ አንድ ጋሎን የአፕል ጭማቂ በ8 ዶላር፣ አንድ ቅርጫት አፕል ደግሞ በ10 ዶላር ገዝተው ተመለሱ። አንዱን ገምጠው "የጨንቻው ይበልጣል" አሉ። እኔ ጨንቻ ሄጄ ስለማላውቅ አልተከራከርኩም፤ የቢግለርቪሉ ግን ጥርስ ላይ ሲሰበር ድምፁ ከመኪናው ውጪ ይሰማ ነበር።

ካርላይል ስንደርስ ረፋዱ አልፏል። ገበያው የሚቆመው በከተማዋ ዳርቻ በሚገኝ የትርዒት ሜዳ ነው፤ በር ላይ ትኬት ይቆረጣል። ይህን ገበያ በ1974 የጀመሩት ቢል ሚለርና ቺፕ ሚለር የተባሉ ጓደኛሞች ናቸው፤ የአባት ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዝምድና የላቸውም። በጊዜው ሄርሺ የሚሰበሰቡት ሰዎች ዓይናቸው በጣም አሮጌዎቹ ላይ ስለነበረ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩትን መኪኖች የሚወዱ ሰዎች የራሳቸው ሜዳ ይኑራቸው ብለው ነው የተነሡት። ዛሬ ሜዳው በመደዳ ተከፋፍሎ፣ ድንኳን ከድንኳን ተጠጋግቶ፣ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ብረት ነው።

ሱማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገርመው የሻጮቹ ጸጥታ ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ፈላጊ አይፈልግም፤ ይጠራል። የፈለገውን ተናግሮ ይቀመጣል፣ ልጆቹ ከየጓዳው አምጥተው ፊቱ ይደረድሩለታል፣ ዋጋው ከአፍ ይወጣና ክርክሩ ይጀመራል። ካርላይል ውስጥ ዕቃው ሁሉ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፤ በላዩ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ዋጋው በቀለም ተጽፏል፤ ሻጩ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ መጥተህ እስክትጠይቀው ይጠብቃል። ፍለጋው የአንተ ነው። ጎንበስ ብለህ ካርቶን መክፈት፣ ከጠረጴዛ ሥር ማየት፣ የዘይት ጨርቅ መግለጥ አለብህ። ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ስለዚህ እኔ እየተንበረከክሁ አወጣለሁ፣ እሳቸው ቆመው ይፈርዳሉ።

አብዛኛው የቼቭሮሌትና የፎርድ ዕቃ ነው። የጀርመን ዕቃ የሚገኘው ጥግ ጥጉን ነው፤ የውጭ አገር መኪኖች የራሳቸው ገበያ እዚሁ ሜዳ ላይ በግንቦት ይቆማል። ያም ሆኖ ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች፣ ሜክሲኮ ውስጥም እስከ 2003 ድረስ ስትመረት የቆየች መኪና ስለሆነች ቁራጯ የማይገኝበት ሜዳ የለም። ችግሩ የትኛው ቁራጭ ነው የሚለው ላይ ነው። እዚህ ጋሼ መጽሐፍ ናቸው። የፋብሪካው የዕቃ ቁጥር በሦስት በሦስት አኃዝ ተከፍሎ ይነበባል፤ የመጀመሪያው ሦስት አኃዝ የመኪናውን ዓይነት፣ የመካከለኛው ደግሞ ዕቃው የሚገባበትን ክፍል ይናገራል። መካከለኛው በ1 ከጀመረ የሞተር፣ በ8 ከጀመረ የአካል፣ በ9 ከጀመረ የኤሌክትሪክ ነው። ግራና ቀኝ ባለው ዕቃ ላይ የመጨረሻው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ የግራ፣ ሙሉ ከሆነ የቀኝ ይሆናል። ጋሼ የዛገ ብረት አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው ቁጥሩን ያዩና ሻጩ ራሱ የማያውቀውን ይነግሩታል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ዘንድ የመጀመሪያውን 30 ፒክት-1 አገኘን። አምሮ ተወልውሏል፤ 140 ዶላር ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው የነዳጅ መስጫውን ሽቦ የሚይዘውን ክንድ በሁለት ጣት ያዙና ከፈት ዘጋ ከማድረጋቸው በፊት ወደ ጎን ነቀነቁት። ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ቀጭ ቀጭ አለ። "ይህ ከዚህ አየር ይስባል፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ውልወላው ለዓይን ነው" ብለው በአክብሮት መልሰው አስቀመጡት። ቀጥለው ከሞተሩ ጋር የሚታሰረውን የእግሩን ጠፍጣፋነት በብረት ማስመሪያ እንዴት እንደሚለኩ አሳዩኝ፤ ቡሎኑ ከልክ በላይ የተጠበቀበት ካርቡራተር እግሩ ይጎብጣል፣ ከማስመሪያው ሥርም ብርሃን ያሳያል። የእሳቸው ሃይማኖት ይኸው ነው፤ ያገለገለ ኦርጅናል፣ አካሉ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ ካርቶኑ ካልተከፈተ ኮፒ ይሻላል። ዘንጉ ይታደሳል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፤ ገና ሲፈስ የረከሰ ብረት ግን በምንም አይታደስም። የአባቴ ኮፒ ምን እንዳደረጋቸው ስላየሁ እኔም ይህንኑ እምነት ይዣለሁ።

የዕለቱ ግዢያችን "1300" የሚለው ጽሑፍ ብቻ ሆነ፤ በ15 ዶላር፣ ከሦስቱ የጀርባ እግሮቹ አንዱ ተሰብሮ።

ማታ አስቀድሜ ዋጋውን ከፍዬ የያዝኩት ማረፊያ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ጠበቀን። በገበያው ሳምንት የአካባቢው ማረፊያ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅላል፤ በዚያ ሰዓት የተገኘው ክፍል 260 ዶላር ተጠየቀበት። ጋሼ ሳይናደዱ ስልካቸውን አውጥተው ሃሪስበርግ ለሚኖሩ የድሮ ጎረቤታቸው ደወሉ። እትዬ የተባሉት እኒህ ሴት ከሠላሳ ደቂቃ ያልበለጠ መንገድ ላይ ሳሉ ሳንነግራቸው ማረፊያ በመያዛችን ክፉኛ ተቆጡ። ደርሰን ስንገባ ሽሮው እየተንተከተከ ነበር፤ ቁጣቸውም ከእንጀራው ጋር አብሮ ቀረበልን።

እሑድ፣ መስከረም 25፤ ካርላይል ሲበተን

ጋሼ የሃሪስበርግን ወንዝ ስንሻገር ቅዳሴውን በስልካቸው ከፍተው ነበር። የሜዳው መኪና ማቆሚያ ደርሰንም እስኪያልቅ ድረስ አልወረድንም።

የመጨረሻው ቀን የገዢ ቀን ነው። ሻጩ ያመጣውን ብረት እንደገና ጭኖ መመለስ ያስጠላዋል፤ ዝናብ ከጣለ፣ ወይም መንገዱ ረጅም ከሆነ፣ ዋጋው ይላላል። ጋሼ ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ቅዳሜ ያዩትን ሁሉ በልባቸው ይዘው ነበር። ጠዋት ላይ ዞር ዞር እያሉ ሰላምታ ብቻ ሰጡ። ወደ እኩለ ቀን ድንኳኖች መፍረስ ሲጀምሩ ግን ፈጠን ፈጠን እያሉ ተመለሱ።

ካርቡራተሩ የተገኘው በዚህ ሰዓት ነው። አንድ ወጣት ከአያቱ ጋራዥ ያወጣውን ዕቃ በሙዝ ካርቶን አድርጎ "እያንዳንዱ 40 ዶላር" ብሎ ጽፎበታል። ከታች፣ ከተቃጠለ ማርሚታና ከሁለት ሞተሪኖዎች ሥር፣ ቤንዚን ደርቆበት ቡናማ የሆነ ሶሌክስ ወጣ። ክንዱን ነቀነቅሁት፤ ዝም አለ። ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ነቀነቁት፤ ዝም አለ። ማስመሪያውን እግሩ ላይ አስደግፈው ወደ ፀሐይ አቀኑት፤ ብርሃን አላሾለከም። ከጎኑ ያለውን ክብ የቾክ (ሞተሩ ሳይሞቅ የአየሩን መግቢያ የሚያጠበው በር) ክዳን ገልበጥ ሲያደርጉ ግን ፊታቸው ጨፈገገ፤ "12 ቮ" የሚል ተቀርጾበታል። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን የሚከፍተው በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ የአባቴ መኪና ስድስት ቮልት ስለሆነች ይህን ብትሰጧት ዘግይቶ ይከፈትና ቤንዚን ያባክናል። ክዳኑ ብቻውን ይቀየራልና ገዛነው። ወጣቱ 30 ዶላር ተቀብሎ ሁለቱን ሞተሪኖ በነፃ ልጨምርላችሁ አለ፤ የሻንጣውን ክብደት አስበን አመስግነን እንቢ አልን።

ዕድሜያቸው ሰማንያውን የተሻገረ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ደግሞ ረጅም ሰዓት ቆየን። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ወታደር ነበሩ፤ ሲመለሱ መኪናቸውንም የመኪናቸውንም መለዋወጫ ይዘው ነው የመጡት። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ የተሸጡት የዚያ ዘመን ቮልሶች የኋላ መብራት ሽፋናቸው ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የገቡት ግን እንደ አውሮፓዎቹ የፍሬቻው ክፍል ብርቱካንማ ነው። ፍጥነት መቁጠሪያውም እዚህ በማይል ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ የእኛን ዓይነት ዕቃ የሚያገኝ ሰው እንዲህ ያለ ሽማግሌ ላይ የወደቀ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሁለቱን ሽፋኖች በጋዜጣ እንደተጠቀለሉ አወጡ። ጋሼ አንዱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው በውስጥ በኩል "ሄላ" የሚለውን ስምና የሞገድ መስመር ያለበትን የጀርመን ማረጋገጫ ምልክት አሳዩኝ። ኮፒው ላይ ቀለሙ ሁለት ቢሆንም ይህ ምልክት አይኖርም፤ ፀሐይ ሲመታውም በሁለት ዓመት ይነጣል። ለሁለቱ 90 ዶላር ተጠየቅን፤ በ75 ተስማማን። ከዚያ ሽማግሌው ከወንበራቸው ሥር አንድ ሣጥን ጎተት አደረጉ። የፍጥነት መቁጠሪያ። በኪሎ ሜትር። መስታወቱ ላይ ጭረት የለም፣ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። ልቤ ቀጥ አለ። ዋጋው 220 ዶላር ነበር። ጋሼ 150 አሉ፣ ሽማግሌው 210 አሉ፣ ጋሼ "ትንሽ ዞር ብለን እንመለሳለን" አሉ። በእኛ አገር ወግ ይህ ስንብት አይደለም፤ ድርድሩ አለመዘጋቱን መናገር ነው። ቆሎ አካፍለናቸው ሄድን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስንመለስ የሽማግሌው ድንኳን ፈርሷል፣ መቁጠሪያውም ከካናዳ ለመጣ ገዢ ተሸጧል። ሽማግሌው ራሳቸው አዝነው "ትመለሳላችሁ ብዬ አላሰብኩም" አሉን። ጋሼ እስከ ሃሪስበርግ ድረስ አልተናገሩም።

ሰኞ፣ መስከረም 26፤ ሃሪስበርግ

በሁለቱ ገበያዎች መካከል ያለው ቀን የማጠቢያ ቀን ሆነ። ቤንዚን የሸተተ ዕቃ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ አየር መንገዶቹ የነዳጅ ርዝራዥ ያለበትን ካርቡራተር ከሻንጣ ያወጣሉ። ስለዚህ ጋሼ የእትዬን የመኪና ጋራዥ ተቆጣጥረው፣ አሮጌ ጣሳ፣ የጥርስ ብሩሽና ማጽጃ ፈሳሽ ይዘው ተቀመጡ። ካርቡራተሩን ብልት በብልት ፈቱት፤ እያንዳንዷን ቡሎን በተነሣችበት ቅደም ተከተል በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሩ።

ከመካከላቸው አንዷን ነሐስ በመርፌ አፍ አንሥተው አሳዩኝ። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ በመካከሏ ቀዳዳ አለ፣ በጠርዟ "125" የሚል ተጽፎባታል። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ። ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን በዚህች ቀዳዳ ይመጠናል። ፋብሪካው 125 ያደረገው በዝቅተኛ ቦታ ለሚነዳ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጋሼ በጋራዥ ዘመናቸው ለእንጦጦ ነጂዎች ቀዳዳዋን በሌላ ይቀይሩ ነበር። "አባትሽ እድሜ ልካቸውን ቤንዚኑን የገዙት ሲጨስ ለማየት ነው፤ ማንም አልነገራቸውም" አሉኝ። ዝርዝሩ ላይ በእርሳስ "120፣ 115" ብለው ጨመሩ።

እትዬ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ሽታው ሊጡ ውስጥ እንዳይገባ ቢያስጠነቅቁም ቡና አፍልተው ያወጡልን እዚያው ነው። ማታ ባለቤታቸው ከሥራ ሲመጡ ነጭ ጨርቁ ላይ የተደረደረውን አይተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድሬዳዋ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የአባታቸውን ሚሌቼንቶ ፊያት እያነሡ እስከ እኩለ ሌሊት አወጉን።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27፤ ሄርሺ

ሄርሺ የቸኮሌት ከተማ ናት፤ ሚልተን ሄርሺ የተባለው ሰው ፋብሪካውን በ1905 ሥራ ያስጀመረባት፣ ዋና መንገዷም ቸኮሌት ጎዳና የሚባል። በዚህ ጎዳና የተተከሉት የመንገድ መብራቶች ራሳቸው የከረሜላ ቅርጽ አላቸው። የአሜሪካ ጥንታዊ አውቶሞቢሎች ክለብ የተመሠረተው በ1935 ሲሆን፣ ይህን የመጸው ስብሰባውን እዚህ የጀመረው በ1955 ነው። ገበያው የመዝናኛ ፓርኩን ሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎች ይሞላል፤ ሜዳዎቹ በቀለም ይጠራሉ፣ አንዱም "ቸኮሌት" ይባላል። መግቢያ አይከፈልም፣ መኪና ለማቆም ግን ይከፈላል። ሰው ሁሉ ትንሽ ጋሪ ይጎትታል። የእትዬን ልጆች ጋሪ ተውሰን ነበር፤ ቀኑ ሳይጋመስ አንዱ ጎማ ወልቆ ቀረና ጋሼ በሽቦ ጠፍረው አስነከሱት።

ከሄርሺ ጎን ሲታይ ካርላይል የሠርግ ቤት ነው፤ ሄርሺ ረጋ ያለ ነው። የሰዉ ዕድሜ ገፋ ያለ፣ ዕቃውም የቆየ ነው፤ የናስ ፋኖሶች፣ የእንጨት ቸርኬዎች፣ አባቶቻችን እንኳ ያላዩዋቸው ስሞች። ብዙ ገዢዎች የሚፈልጉትን በካርቶን ጽፈው ጀርባቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። እኔም "ለ1966 ቮልስዋገን፦ የስድስት ቮልት ዕቃ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ" ብዬ ጻፍኩና አንጠለጠልኩ። ጋሼ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ በእሳቸው አስተሳሰብ ፍላጎቱን የተናገረ ገዢ ዋጋውን ራሱ ያስጨምራል። ሆኖም በአንድ ሰዓት ውስጥ ካርቶኑ ሦስት ሰው ጠራልን።

አንደኛው ሬጉሌተር ነበረው፤ ቦሽ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ዲናሞው ጀርባ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት። እዚህ አገር ቮልሶቹ ከ1967 ስሪት ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ስለተሻገሩና የቀድሞዎቹንም ብዙ ሰው ስላስቀየራቸው፣ የስድስት ቮልት ዕቃ ፈላጊው ጥቂት ነው። 85 ዶላር ጠይቆ በ60 ሰጠን። ሁለተኛዋ በባለቤቷ ሞት ምክንያት ጋራዥ የምታራግፍ ሴት ነበረች፤ ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የሶሌክስ ነሐሶች ውስጥ በማጉያ መነጽር 120 እና 115 ለቀምን፣ እያንዳንዷ በ3 ዶላር። "6 ቮ" የተቀረጸበት የቾክ ክዳንም እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ሲያዩት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ባይገባትም ደስ አላት፣ ለክዳኑም ገንዘብ አልቀበልም አለች። ጋሼ ጭኮውን ሙሉ ለሙሉ ሰጥተዋት ሄዱ።

ሦስተኛው የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ አለኝ ብሎ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ወስዶን ነበር፤ ያለው ግን የማይል ነው፣ ፊቱ ላይ የኪሎ ሜትር ወረቀት ተለጥፎበታል። ውስጡ ያለው ጥርስ ስለማይለወጥ የተጓዛችሁትን ርቀት የሚቆጥረው አሁንም በማይል ነው። ጋሼ ለሰውዬው ይህን በእርጋታ አስረዱት።

ምሳ የዶሮና የበቆሎ ሾርባ በላን፤ የአካባቢው ጀርመን ዘር ገበሬዎች ምግብ ነው፣ በ9 ዶላር፣ ለብርዱ የሚስማማ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሻጭ ደጃፍ ላይ የቆመ የግራ የፊት ፓራፋንጎ አየን። ጋሼ ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው ከላይ እስከ ታች አስኬዱት፤ አንድም ቦታ ሳይላቀቅ ተጣብቆ ወረደ፤ ስቱኮ ያልነካው ንጹሕ የፋብሪካ ብረት ነው። 150 ዶላር። የአባቴ የግራ ፓራፋንጎ ሁለት ጊዜ ተገጭቶ በስቱኮ የቆመ ነው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለም፤ እጄን አሻሸሁበትና አለፍን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ረቡዕ፣ መስከረም 28፤ ሄርሺ እና መልስ

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሜዳው ላይ የሚበላው የተጠበሰ ድንችና የቢግለርቪሉ አፕል ብቻ ሆነ። ጠዋቱን የትንሿን መስኮት መቆለፊያ ስንፈልግ ዋልን፤ የተገኙት ሁሉ የቀኝ ነበሩ። በመጨረሻ አንድ ሻጭ ሙሉ የግራ መስኮት ከነፍሬሙ እንጂ መቆለፊያውን ለብቻ አልሸጥም ስላለን በ35 ዶላር ሙሉውን ገዛን። መቆለፊያውን እዚያው ፈታን፤ መስታወቱንና ፍሬሙን ከጎን ለነበረ ሌላ ቮልስ ባለቤት በ15 ዶላር ሸጥንለት።

ከመመለሳችን በፊት እዚያው ከተማ ያለውን የክለቡን ስም የያዘ ሙዚየም አየን። ተከር የሚባሉ ሦስት የድሮ የአሜሪካ መኪኖች አሉ፤ በጠቅላላው 51 ብቻ ከተሠሩት። ሞተሩ እንደ ቮልስ ከኋላ ነው፣ እንደ ቮልስ ጠፍጣፋ፤ ከሄሊኮፕተር ሞተር ተወስዶ፣ በአየር ይቀዘቅዝ የነበረው በውኃ እንዲቀዘቅዝ የተለወጠ። ጋሼ እዚህ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። አየር ለሁሉም ቦታ በነፃ ተሰጥቶ ሳለ ውኃ ለምን እንደሚሸከሙ አልገባቸውም። ጠባቂው መዝጊያ ሰዓት መድረሱን እስኪነግረን ድረስ ሞተሩን ከበው ቆሙ።

ዕቃው በኅዳር ሻንጣ ውስጥ አዲስ አበባ ገብቷል። ጋሼ በቪዲዮ ስልክ እየመሩት የሠፈሩ መካኒክ ካርቡራተሩን ገጠመው፤ 120 የተጻፈባት ነሐስ አሁንም ትንሽ ስላጨሰች በ115 ተቀየረች። መኪናዋ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች፤ አባቴ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱባታል። የጎደለው የፍጥነት መቁጠሪያው ነው። በሚያዝያ ካርላይል ላይ የፀደይ ገበያ ይቆማል፣ በግንቦት ደግሞ የውጭ አገር መኪኖቹ፤ ጋሼ ለሁለቱም ከሥራ ፈቃድ እንድወስድ ነግረውኛል፣ ዋጋውንም ከአሁኑ 210 ብለው ቆርጠዋል።